የግራው በር

አባቴ መኪናዋን የሚዳብሳት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። በመዳፉና በቆርቆሮዋ መካከል ስስ የጥጥ ጨርቅ ያደርግና ከፊት መብራቷ ይነሳል። በጎማዋ ላይ እንደ ቅስት በጎበጠው ፓራፋንጎ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ የበሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዛል። እኔ ከግቢያችን ጥግ ባለችው የቆርቆሮ መጠለያ ደጃፍ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእኔን ፀጉር እንኳ እንዲያ ዳብሶት አያውቅም እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

የሙያ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። አባቴ ባቲላሜራ ነበር። የተጋጨ መኪና ገላ ቀጥቅጦ፣ አቃንቶና ቀለም ቀብቶ ወደ መልኩ መመለስ ነው ሥራው። ጉብታውን ዓይኔ ቢስተውም እጄ አይስተውም ይል ነበር። ከእሱ ጋር የሚሠሩት ሁሉ እንዲሁ ጨርቅ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳብሳሉ። ይህን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው፣ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳይቀይር ወደ እሷ እንደሚሄድ፣ እሷ ዘንድ ሆኖ ሲያፏጭ እንደሚሰማ፣ እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን ፉጨቱን እዚያው ትቶት እንደሚመጣ ነበር።

መኪናዋ ከእኔ በሃያ ዓመት ትበልጣለች። አባቴ ያገኛት ከአንድ መጋዘን ጀርባ ነው። ሣር በመስኮቷ ገብቶ በወለሏ ወጥቷል፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ትፈለፍልባታለች። በገመድ አስጎትቶ ሲያመጣት እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ «ዶሮይቱስ የታለች? እሷ ትሻለን ነበር» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። አባቴ ግን አልሳቀም። አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ የተረፈውን ሰዓት ሁሉ ሰጣት።

ቅናቴ በመኪናዋ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። ከቆርቆሮ ጋር ስንት ዘመን ይኮረፋል? ነገር ግን እህቴ ነበረች። ትልቋ እንላታለን፣ እኔን ትንሿ እንደሚሉኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ወደ መጠለያዋ ገብታ ከአባቴ ጎን መቆም የተፈቀደላት እሷ ብቻ ነበረች። እኔ «ሽታው ያምሻል»፣ «ጥፍርሽ ይጭራታል»፣ «ውጪ ተጫወቺ» እየተባልኩ ባልዲዬ ላይ እቀራለሁ። ከባልዲዬ ሆኜም እሰማለሁ።

«እዚህ ጋ ነው?»

«ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አባባ። አሁን ልክ ነው።»

«ጥቁሯን ስጪኝ።»

«ያዛት።»

አባቴ ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ እህቴ ብሎኑን መዳፉ መሐል ታስቀምጥለታለች። ሲያሻቸው ይስቃሉ። እኔ አንገቴን ሳሰግግ ዝም ይላሉ። ማታም ጋዜጣ የምታነብለት እሷ ናት። «ዓይኔ ደክሟል» ይላታል። እኔ ላንብብልህ ስለው እናቴ በመሐል ትገባና «አንቺ አንብበሽ ስትጨርሺ ወሬው ለጎረቤት ደርሶ ያድራል» ትላለች። መቼም አልዋሸችም። ከጎረቤታችን የተዋስነውን ብረት ድስት እናቴ እንደሰነጠቀችው፣ ለራሷ ለጎረቤታችን ሮጬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ በጣም ያመኝ ነበር። ሁለቱ በሹክሹክታ አንድ ቤት ሠርተው በሩን የዘጉብኝ ይመስለኛል።

በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። የአባቴ ዓይን እየከዳው ነበር። መጀመሪያ የሄዱት ቀለማት ናቸው። ሰው ያያል፣ ደጃፍ ያያል፣ መንገድም ይለያል፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ግን አንድ ሆነውበታል፤ ጽሑፍም እንደ ጭጋግ ይበተንበታል። ጡረታው ሊደርስ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ ዓይኑ የደከመ ባቲላሜራ ደግሞ ማንም አያሠራም። ስለዚህ ከእናቴና ከእህቴ በቀር ማንም እንዳያውቅ ተባለ። ወሬ የማያድርብኝ እኔ ከማንምም የባስኩ ማንም ነበርኩ።

አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የአባቷን ዓይን ተሸክማ ስትዞር፣ ያ ሸክም ለእኔ ሽልማት መስሎ ይታየኝ ነበር። የሰው ምስጢር መሸከም ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ባለቤቴ በታመመ ጊዜ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ስምንት ወር አልነገርኩም። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የአባቴ ወዳጆች ይመጣሉ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም አሮጌ መኪና የሚባል ነገር ካዩ መንገድ የሚስቱ ሰዎች። የጥርስ ሐኪሙ የራሱ ጥቁር መኪና አለው። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይመጣና፣ የበሽተኞቹን ጥርስ የሚያይባትን እጀታዋ ረጅም የሆነች ትንሽ መስታወት ከደረት ኪሱ መዝዞ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ይሰዳታል። ልብስ ሰፊው መኪና የለውም፤ የሁሉንም ወንበር የሰፋላቸው ግን እሱ ነው። ቁጭ ሲል ጨርቁን ቆንጠጥ አድርጎ «ገና ነው፣ ትለመዳለች» ይላል። ሦስተኛው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጡሩምባ ይሉታል፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ሦስተኛው ቤት ይሰማል።

«ይቺ ብሎን የእሷ አይደለችም» ይላል ሐኪሙ ከሥር ተጋድሞ።

«የማን ናት ታዲያ? የአክስትህ?» ይላል ጡሩምባ።

«የዚያ ዘመን ብሎን ጭንቅላቷ አራት ማዕዘን ነው። ይቺ ስድስት ናት።»

«እግዜር ያሳይህ! የሰው አፍ ውስጥም እንዲህ ነው የምትቆፍረው?»

«ሰው አፍ ውስጥ ያለው ሁሉ የፋብሪካ ነው። ካልሆነም የተከልኩት እኔ ነኝ።»

በዚህች አንዲት ብሎን አንድ ሰዓት ይከራከራሉ፣ ሻያቸው ይቀዘቅዛል። ምስጋናቸው ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ናት። አንድ ዕቃ ከተሠራበት ቀን ምንም ያልተለወጠ ሲመስላቸው «ፋብሪካ» ይላሉ። ሦስቱም ካላሉት አይቆጠርም። አባቴ በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ያገኘው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን በክላክሷ፣ ሌላውን በሲጋራ መተርኮሻዋ። የክላክሷ ዕለት ከደስታው ብዛት እናቴን አቅፎ አዞራት። እኔ በክፍሌ አንደኛ የወጣሁ ዕለት «ጎበዝ» ነበር ያለኝ።

የቀለሟ ነገር ከሁሉ ባሰ። ሰማያዊ እንደነበረች ያውቃሉ፤ የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ ግን ስምምነት የለም። አባቴ መጀመሪያ ያስበጠበጠውን ቀለም ጡሩምባ ገና ሲከፈት አይቶ «ይሄ እኮ የመዋኛ ገንዳ ነው! ዋና ልብሴን ይዤ ልምጣ?» አለና ውድቅ ሆነ። ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ በበሩ ላስቲክ ሥር ፀሐይ ያላገኛት የጣት ጥፍር የምታህል ጥንታዊ ቀለም በመስታወቱ አገኘ። በእሷ ልክ ሁለተኛ ቀለም ተበጠበጠ። አባቴ ጣሳውን ግቢው መሐል አስቀምጦ እህቴን ጠራት፤ ጎንበስ ብላ አየች።

«እሱ ነው?» አላት።

«እሱ ነው፣ አባባ።»

ሦስት አንጋፋ ሰዎች ያልተስማሙበትን አንዲት ልጅ ስትፈርድ አባቴ እንዴት ተቀበለ? እንዲህ ብዬ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ለምን እኔን አልጠራኝም ብዬ ነው።

ሁለቱም ጣሳዎች መጠለያዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ያልተወደደው የዕቃ መጫኛዋን ውስጥ ይቀባበት ዘንድ ቀረ፤ እዚያ ማን ያየዋል። አንድ ቀን በቀዳዳ ሳጮልቅ፣ በደህናው ጣሳ እጀታ ላይ የእህቴ ቀይ የፀጉር ጥብጣብ ታስሮ አየሁ። አክስታችን ለሁለታችን አንዳንድ ነበር የላከችልን፤ የእኔ በሳምንቱ ጠፋብኝ። እህቴ ያን የምትሳሳለትን ጥብጣብ ለመኪናዋ ቀለም አስራለታለች! ስጦታ መሰለኝ። አባቴ በእጁ ዳብሶ እንዲለየው ያሰረችለት ምልክት መሆኑን ከየት አውቄ?

የዓመቱ ትልቅ ሰልፍ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። በየዓመቱ አንድ እሑድ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ሁሉ በዋናው ጎዳና ተሰልፈው በዝግታ ይነዳሉ፤ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭባል። የእኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትወጣ ነው። የፊት ወንበሯ እንደ አግዳሚ የተያያዘ፣ ሦስት ሰው የሚይዝ ነበር። አባቴ ራት ላይ «ትልቋ ከጎኔ ትሆናለች፤ እናንተ ከኋላ» አለ። «እኔም ከፊት እበቃለሁ» አልኩ። «ከጎኔ አንድ ሰው ይበቃኛል» አለኝ። ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ማንም ሳያየኝ መጠለያዋ ገባሁና ጥብጣቡን ከደህናው ጣሳ ፈትቼ በመዋኛ ገንዳው ጣሳ ላይ አሰርኩት። እንደ እህቴ ባለ ሁለት ጆሮ ማሰር አልችልም ነበርና እየደጋገምኩ ቋጠርኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። እህቴ ጥብጣቧን አይታ የተሳሳተውን ትሰጠዋለች፣ አባቴ ይቆጣታል፣ ከፊት ወንበር ትነሳለች። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያልደረቀ ቀለም ኖሮ አውራ ጣቴ ሰማያዊ ሆነ። በሳሙና አልለቅ አለኝ።

የቀረው የግራው በር ብቻ ነበር። ዝገት በልቶት ሁለት ጊዜ ስለተሠራ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ፈተና ነበረባት፤ እናቴም አብራት ወጣች። አባቴ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወደ ውጪው በር ያያል፣ ፊቱን ወደ ሰማይ ያቀናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ነፋስ አቧራ ያመጣል፤ አቧራ የነካው ቀለም አለቀለት ማለት ነው። እንግዶቹም ነገ ይመጣሉ። እኔ ከተሰጣው ልብስ ኋላ ቆሜ፣ አውራ ጣቴን በጡጫዬ ደብቄ አየዋለሁ።

«ትንሿ!» አለ።

ከልብሱ ኋላ ዝቅ አልኩ።

«ትንሿ! አለሽ እንዴ? ነይማ አንዴ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ጥሪ ነበር። ከመጠለያዋ ደጃፍ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ጣሳ ይዞ፣ ውጪ ተጫወቺ ያላለኝ የመጀመሪያዋ ቀን ናት። እኔ ግን አውራ ጣቴን የሚያይብኝ መሰለኝ። አንሶላው ነፋስ ነክቶት ፊቴን ይነካካኛል፤ እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«የለችም» አለ ለራሱ። ጥብጣቡን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ገባ። ወዲያው የቀለም መርጫው ሲያንሿሽ ሰማሁ።

ምን ሊጠይቀኝ እንደነበረ አውቃለሁ። ጣሳውን አሳይቶ «ይሄ ነው?» ሊለኝ ነበር። ምስጢሩን በዚያች ጠዋት ሊያካፍለኝ ቆርጦ ነበር። በእህቴ የቀናሁበት ቦታ ለእኔም ተከፍቶ እኔ ነኝ ያልገባሁበት። በኋላ በሕይወቴ ብዙ ነገር አምልጦኛል፤ እንደዚያች እንደ «የለችም» ያለ ግን ብዙ አልሰማሁም።

እህቴ ስትመለስ መጠለያዋ ተዘግታ ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ እስከ ነገ ማንም አይከፍታትም።

እሑድ ሦስቱ ወዳጆች መጡ። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፂሙን ተላጭቷል። ወዳጆቹ እየገፉ መኪናዋን ወደ ግቢው መሐል አወጧት። አባቴ የለበሰችውን አንሶላ በአንድ ጊዜ ገፈፈው። ፀሐይ ወደቀባት።

የግራው በር አረንጓዴ ነበር። በእርግጥ ሰማያዊ ነው ሊባል ይችላል፣ ብቻውን ቢቆም። ከፊትና ከኋላ በዚያ ጥልቅ ሰማያዊ መሐል ሲታይ ግን፣ አንድ ሰው ሱፉን ለብሶ በአንድ እጁ የሌላ ሰው እጅጌ ያጠለቀ ይመስላል። ልጅ እንኳ ያየዋል። እኔ አየሁት። እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። እናቴ የሻይ ሰሃኑን እንደያዘች ቆመች።

ጡሩምባ አፉን ከፈተ። ዘጋው። በዚያ ግቢ ውስጥ ጡሩምባ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሐኪሙ መስታወቱን ከኪሱ እስከ ግማሽ አወጣና መልሶ ከተተው። ልብስ ሰፊው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አባቴን አየ እንጂ መኪናዋን አላየም። ሌሎቹም ቀስ ብለው አባቴን አዩት። አባቴ ጨርቁን በእጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ እነሱ አንስቶ፣ እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሏል።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ።

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ አንዲት ብሎን ጭንቅላት አንድ ሰዓት የሚከራከረው ሐኪም፣ «ፋብሪካ» አለ።

«ፋብሪካ!» አለ ልብስ ሰፊው ቀልጠፍ ብሎ።

ጡሩምባ ምራቁን ዋጠ። «ፋብሪካ ነው ወንድሜ» አለ። ሲያንሾካሹክ፣ የእውነት ሲያንሾካሹክ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እናቴ ሰሃኑን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። እኔ ደግሞ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ለመኪናዋ ሁሉም ይፈቀድላታል ማለት ነው! አንድ ብርጭቆ ብሰብር ሳምንት ሙሉ ስሜ የሚነሳ እኔ ነኝ፤ መኪናዋ ግን የአንድ ጎኗን ቀለም ብትስት እንኳ ፋብሪካ ትባላለች። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ለቆርቆሮ ሲዋሹ አየሁ፤ ለአባቴ እየዋሹ መሆናቸው ግን አልታየኝም። ሦስቱም የአባቴን ዓይን ነገር ያወቁት በዚያች ቅጽበት ነበር፤ ሳይመካከሩ፣ ሳይጠቃቀሱ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉትን የእሷ ያልሆነ ቀለም በአንድ አፍ አመሰገኑት።

የዚያን ዕለት ማታ በግድግዳው በኩል እህቴ ስታለቅስ ሰማኋት። «እኔ ነኝ አባባ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ» ትላለች። የአባቴ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ አይሰማም። ብርድ ልብሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ፈገግ ብያለሁ።

ሰኞ ቁርስ ላይ አባቴ ዳቦውን እየቆረሰ «በሰልፉ ቀን ከፊት የምትቀመጠው ትንሿ ናት» አለ። እህቴ ቀና አላለችም። አሸነፍኩ።

በዚያው ሳምንት ጡሩምባ በየጠዋቱ ቤታችን መምጣት ጀመረ። «በዚያ በኩል የምሄድበት ጉዳይ አለኝ» ይልና አባቴን እስከ ሥራው ያደርሰዋል። ጡረታ የወጣ ሰው በየጠዋቱ ምን ጉዳይ አለው ብሎ የጠየቀ የለም። ቅዳሜ ደግሞ መኪናዋን እየዞረ «እባክህ፣ መሪ ከጨበጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው፤ ነገ እኔ ልንዳት፣ አደራ» ብሎ ለመነው። አባቴ ቁልፉን አቀብሎት «እሺ፣ ከሰው ጋር እንዳታጋጨኝ ብቻ» አለ። ጡሩምባ መኪናችንን ሊነጥቀን የቋመጠ መስሎኝ በእሱም ቀናሁ። አባቴ ራሱ ሊነዳት፣ እህቴን ከጎኑ አድርጎ በእሷ ዓይን በዚያ ሕዝብ መሐል ሊነዳ አስቦ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እሑድ ወጣን። ጡሩምባ መሪውን ይዟል፣ እኔ መሐል ነኝ፣ አባቴ ከቀኜ። እናቴና እህቴ ከኋላ ናቸው። አዲሱ ወንበር ይሸተኛል፣ ሞተሩ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ሰው ከግራና ከቀኝ ያጨበጭባል። አንገቴ እስኪያመኝ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምን ይታይሻል? ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት። አፌ ሲፈታ ማን ያቆመዋል! ሕፃን ያዘለች ሴት፣ አጥር ላይ የወጡ ልጆች፣ ባርኔጣውን ያነሳልን ሽማግሌ፣ ከፊታችን የሚሄደው የሐኪሙ ጥቁር መኪና፣ በኮፈናችን ላይ የሚያልፈው ደመና። እያንዳንዷን ያዳምጣል፣ «እሺ» ይላል፣ «ከዚያስ» ይላል። ወሬዬን እንዲያ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሩስ? የግራው በር እንዴት ነው?» አለኝ።

አውራ ጣቴን ጨበጥኩ። ጡሩምባ ፊት ለፊት ያያል፤ መሪውን አጥብቆ ይዟል።

«በጣም ያምራል» አልኩ። «ከሌላው ጋር አንድ ነው።»

«ፋብሪካ?» አለ።

«ፋብሪካ» አልኩ።

አባቴ ሳቀ። መዳፉን አናቴ ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ዳበሰኝ። ከኋላ እህቴ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ቀንታ ነው አልኩ። ይበላት አልኩ።

ጡረታውን እስኪያገኝ ሦስቱንም ዓመት ሠራ። እንዴት እንደሆነ የሥራ ጓደኞቹና ጡሩምባ ያውቃሉ። በሩን ግን አላስቀየረውም። እኔም ምስጢሬን ይዤ አደግሁ፤ ወሬ አያድርብሽም የተባልኩት ሴት አርባ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ነገር አሳደርኩ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም።

ባለፈው ሰልፍ ሰሞን ባለቤቴን ከቀበርኩ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። እህቴ ደወለችልኝና «ሰልፉ ነገ ነው፤ ልብስሽን ቀይረሽ ጠብቂኝ፣ አልለምንሽም» አለችኝ። መኪናዋ አባታችን ካረፈ ወዲህ የእሷ ናት። ይህም ለረጅም ጊዜ ሲቆጠቁጠኝ ኖሯል። እሷ ነዳች፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ከሰልፉ በኋላ መኪናዎቹ ሰፊ ሜዳ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ሰዎች በየመኪናው ዙሪያ ጎንበስ ቀና እያሉ ይከራከራሉ፤ ቃላቸው ተቀይሯል፣ ክርክራቸው ግን ያው ነው። አንድ ወጣት በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ ቆይቶ የግራው በር ጋ ተገተረ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አላት እህቴን፣ «ይህ በር ቀለሙ የራሷ አይደለም።»

«ማን አለህ?» አለች እህቴ። «ፋብሪካ ነው።»

«ኧረ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል! ፀሐይ ላይ ሲያዩት ግልጽ እኮ ነው። ቢፈቅዱልኝ ልኬቱን በመሣሪያ አውጥቼ ትክክለኛውን እቀባልዎታለሁ። በነፃ። እንዲህ ያለች መኪና እንዲህ ሆና ማየት አልችልም።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ፈገግታ ነበር። «እሷን ጠይቃት» አለችው። «በሩ የእሷ ነው።»

ፊቴ ጋለ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ። ልጁ ወደ ሌላ መኪና ዞር እስኪል ጠበቅሁና «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አባባ ነው የነገረኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ።»

«ለእሱስ ማን ነገረው?»

«ማንም። ጡሩምባ ዝም ሲል ጊዜ አወቀ። ዶክተሩ ደግሞ ሳይጋደም ፋብሪካ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ያውቃል?» ሳቀች። «እኔ ነኝ ጥብጣቡን ያሳሳትኩት ብዬ አለቀስኩ። እሱ ጣሳውን አስመጣና ቋጠሮውን ዳበሰው። ‹ይህ ያንቺ ቋጠሮ አይደለም፤ አንቺ በሁለት ጆሮ ነው የምታስሪው፤ ይህቺ የትንሿ እጅ ናት› አለኝ። ጣሳውን መለሰልኝና ‹ከፊት ትቀመጥ› አለ።»

«አንቺ ለምን አለቀስሽ? በሰልፉ ቀን። ከኋላ ሆነሽ።»

«አንቺ ለሁለታችን የሚበቃ ታወሪለት ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ምንም ሳልነግረው በመስኮቱ ወደ ውጪ ማየት ቻልኩ። ደስ ብሎኝ ነው።»

 «በሩንስ ለምን አላስቀየረውም?» አልኩ።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ጓደኞቼ እንዲያ ተጨንቀው የዋሹልኝን ውሸት ቀለም ልቀባበት?› አለኝ።»

ይህን ሁሉ ለእሷ ነግሯት ለእኔ አለመንገሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም ቆንጠጥ አደረገኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ያታለልኩት የመሰለኝ ሰው ጎኔ ተቀምጦ፣ በራሴ ዓይን የራሴን ሥራ ጠይቆኝ፣ መልሴን ሰምቶ ዳብሶኛል።

ወጣቱ ተመልሶ መጣ። «እሺ ምን ይላሉ እትዬ? በሩን ልቀባው?»

የአንገት ልብሴን ፈትቼ በመዳፌና በቆርቆሮዋ መካከል አደረግሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከፊት መብራቷ ተነስቼ በፓራፋንጎዋ ጉብታ ቀስ ብዬ ወጣሁ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ከፓራፋንጎው ወደ በሩ የምሻገርበት ጠርዝ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። እጄ ተሻገረ። አንዲት ጉብታ የለችም፤ አንዲት ስርጉድ የለችም። ሰማያዊው የት እንዳለቀና አረንጓዴው የት እንደጀመረ መዳፌ አላወቀም።

«አይነካም» አልኩት፣ ዓይኔን ሳልገልጥ። «ፋብሪካ ነው።»